የድሮ መኪና የራዲያተር ፋን፦ «አውልቃችሁ ጣሉት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የድሮ መኪና ባለቤቶች እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የድሮ ሞተር የሚሞቀው ፋኑ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ በቺንጊያ (በሞተሩ ቀበቶ) የሚዞረውን የብረት ፋን አውልቃችሁ ጣሉት፤ በምትኩ ትልቅ የኤሌክትሪክ ፋን በፕላስቲክ ማሰሪያ ራዲያተሩ ላይ እሰሩ፤ ሽቦውን ከቁልፉ መስመር ቀጥሉ፤ 95 ዲግሪ ላይ የሚያስነሳ የሙቀት ስዊች ግጠሙ፤ በግማሽ ቀን ተገላገላችሁ። ጸሐፊው ለድሮ መኪና ያላቸው ፍቅር ከጽሑፉ ይታያል። ባትሪው ሳይነቀል ሥራ አይጀመር፣ ራዲያተሩ አስቀድሞ ይጽዳ ማለታቸውም ልክ ነው። የቀረው ግን ወይ ስሕተት ነው ወይ ግማሽ እውነት፤ በሞተር ሙቀት ጉዳይ ደግሞ ግማሽ እውነት ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ራስ) ያጣምማል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንመልሳለን።

«ሞተር ከሞቀ ጥፋቱ የፋኑ ነው»

አይደለም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም። ማንኛውም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «መቼ ነው የሚሞቀው?» የሚለው ነው። ፋን ሥራ የሚሠራው መኪናው ሲቆም ወይም ሲያዘግም ነው። በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ከፊት የሚገባው ንፋስ ፋኑ ከሚስበው ይበልጣል። እንግዲህ መኪናው በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሲቆም የሙቀት መለኪያው ቀስት እየወጣ፣ ሲነዳ የሚወርድ ከሆነ ፋኑን፣ ቺንጊያውንና በፋኑ ዙሪያ ያለውን ከለላ ጠርጥሩ። በረጅም መንገድ በ80 ሲነዳ እየሞቀ፣ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየዞረ) ሲቆም የሚረጋጋ ከሆነ ግን ምንም ያህል ትልቅ ፋን ቢገጠምለት አይድንም።

እንዲህ ያለው መኪና የሚመረመረው ሌላ ቦታ ነው። ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ይሆናል፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍ ዳስሱ፤ ከላይ ወደ ታች ሙቀቱ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት እንጂ መሐል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ መገኘት የለበትም። ቀዝቃዛ ቦታ ካለ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ውሃ አያሳልፉም። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው) ግማሽ ብቻ እየከፈተ ይሆናል። የታችኛው የራዲያተር ጎማም ይታይ፤ ይህ ጎማ በፖምፓው (ውሃውን በሚያዞረው ፓምፕ) መሳቢያ በኩል ስላለ ውስጡ የነበረው የሽቦ ጥምዝ ዝጎ ካለቀ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ይጨፈለቃል፣ ውሃውም ይቆማል፤ ሚኒሞ ላይ ሲመለስ ግን ደህና መስሎ ይታያል። የካንዴላ እሳት የዘገየበት ሞተር፣ ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያሳጥርበት ሞተርም እንዲሁ በጉዞ ላይ ይሞቃል። ቀዝቃዛው ሞተር ገና ሲነሳ ራዲያተሩ አፍ ላይ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው የሚጠረጠረው። በነዚህ ሁሉ ላይ የኤሌክትሪክ ፋን መጨመር በሽታውን ለጥቂት ጊዜ መሸፈን ብቻ ነው።

«የብረቱ ፋን ጊዜው አልፏል፤ ሲወልቅ ሞተሩ ብዙ ጉልበት ያገኛል»

ፋን ጉልበት መብላቱ እውነት ነው፤ የተጋነነው መጠኑ ነው። የሚወስደው ጉልበት ከዙሩ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚያድግ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ፋን በ5,000 ዙር 2 የፈረስ ጉልበት ይወስዳል ብንል፣ በ2,500 ዙር የሚወስደው ሩብ የፈረስ ጉልበት ነው። በድሮ መኪና ሁልጊዜ በከፍተኛ ዙር የሚነዳ ደግሞ የለም። የኤሌክትሪክ ፋኑም ያው ከሞተሩ ነው የሚበላው፤ ዲናሞውን (ኤሌክትሪክ አመንጪውን) የሚያዞረው ሌላ ማንም አይደለም። ለውድድር በተዘጋጀ ሞተር ላይ ልዩነቱ ይሰማል፤ በቤተሰብ መኪና ላይ ልዩነቱን በእግር መለየት ይከብዳል።

«የድሮ ፋን ያለ ማቋረጥ ይዞራል» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ፔዦ 404 ውሃው ሲሞቅ ብቻ የሚይዝ ኤሌክትሮማግኔታዊ ፍሪሲዮን (ፋኑን ከፑሊው ጋር የሚያያይዝና የሚለቅ መያዣ) ያለው ፋን ነበረው። በዚህ ዓይነቱ ላይ ፋኑ አልይዝ ካለ አውልቆ ከመጣል በፊት የሙቀት ስዊቹ፣ ኤሌክትሪክ የምታደርሰው ካርቦንና ካርቦኗ የምትነካው ቀለበት ይታዩ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለቀች ካርቦን ወይም የቆሸሸ ቀለበት ነው። ሌሎች ደግሞ በሲሊኮን ዘይት የሚያዝ ፍሪሲዮን አላቸው። እሱን ለመፈተሽ ቀዝቃዛ ሞተር ጠፍቶ እያለ ፋኑን በእጅ አዙሩት፦ ከበድ ብሎ ወዲያው መቆም አለበት። ተገፍቶ ብዙ ዙር በነፃ የሚዞር ከሆነ ወይም መሐሉ ላይ የዘይት ወዝ ከታየ አልቋል። አዲሱን ስትገዙ ደግሞ መኪናው ላይ እንደሚቆመው አቁማችሁ አስቀምጡት፤ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ከቆየ ዘይቱ ሊያፈስ ይችላል። አንዳንዶቹ መሐል ላይ የሚጠብቁት በግራ ጥርስ መሆኑንም ሳታረጋግጡ በኃይል አትፍቱ።

ቀላሉ የብረት ፋን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ስዊች የለው፣ ፊውዝ የለው፣ ሪሌ (በትንሽ ጅረት ትልቁን ጅረት የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) የለው። የሚቆመው ቺንጊያው ሲበጠስ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ፖምፓውም አብሮ ስለሚቆም የኤሌክትሪክ ፋን ቢኖርም ሞተሩን አያድነውም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የመኪናውን የራሱን ፋን በአግባቡ መልሶ መግጠም መሆን አለበት እንላለን። ጽሑፉ ይህን ሥራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስላለፈው እዚህ ዘርዘር እናድርገው።

ባትሪው ከተነቀለ በኋላ በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ወፍራም ካርቶን ይግባ፤ ያመለጠ ቁልፍ የራዲያተሩን ቱቦ የሚበሳው በዚህ ሰዓት ነው። የፋኑን ቡሎኖች ቺንጊያው ገና ጥብቅ እያለ በግማሽ ዙር አላሏቸው፤ ቺንጊያው አስቀድሞ ከላላ ፑሊው አብሮ እየዞረ ያስቸግራል። ከዚያ ዲናሞው ይላላ፣ ቺንጊያው ይውጣ፣ የፋኑ የፊት ገጽ በቀለም ምልክት ይደረግበትና ይውጣ። ቦታ ጠቦ ፋኑ አልወጣ ካለ ራዲያተሩን ማውረድ እንጂ ክንፉን ማጠፍ አይገባም።

ፋኑ በወጣበት ጊዜ ፖምፓውን ሳይፈትሹ ማለፍ ትልቅ ጥፋት ነው። ፑሊውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ጨዋታ ከተሰማ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) አልቋል። በፖምፓው ሆድ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የዝገት ወይም የኩላንት ምልክት ከወረደ የፖምፓው የውሃ ማገጃ (ሲል) እያሳለፈ ነው። በዚህ ፖምፓ ላይ አዲስ ፋን መግጠም ማለት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፋኑን ራዲያተሩ ላይ መጣል ማለት ነው።

አዲሱ ወይም የተገኘው ሌላ ፋን ከመግባቱ በፊት የክንፎቹ ሥርና የሪቬቶቹ ዙሪያ ቀለሙ ተነሥቶ በመብራት ይታይ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከተገኘ ፋኑ አይበየድም፣ አይጠገንም፤ ይጣላል። በ4,000 ዙር የተነቀለ ክንፍ ኮፈኑን በስቶ ይወጣል፤ ሞተር ሲፈተሽም ከፋኑ ትይዩ መቆም የሌለብን ለዚሁ ነው። የታጠፈ ክንፍም በመዶሻ አይቃናም፤ ብረቱ በታጠፈበት ቦታ ደክሟል። ሁለት ነገር ደግሞ ይለይ፦ አንዳንድ ፋኖች ጩኸት እንዲቀንሱ ሆን ተብሎ በክንፎቻቸው መካከል ያለው ርቀት እኩል እንዳይሆን ተደርገው ተሠርተዋል። እነሱን «ተጣመሙ» ብሎ ለማስተካከል መሞከር ማበላሸት ነው።

የፋኑ የመሐል ቀዳዳ በፖምፓው አፍንጫ ላይ ያለ ጨዋታ መቀመጥ አለበት፤ ማዕከሉን የሚይዘው ቀዳዳው ነው እንጂ ቡሎኖቹ አይደሉም። ቡሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጥበቁ፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካላለ ለ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን 10፣ ለ8 ሚሊ ሜትር ደግሞ 22 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ ሽቦ ከራዲያተሩ ፍሬም ላይ አስራችሁ ጫፉን ወደ አንዱ ክንፍ ጫፍ አስጠግታችሁ ፋኑን በእጅ አዙሩ። የሁሉም ክንፎች ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ባለ ልዩነት ውስጥ ማለፍ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ፋኑ ጠማማ ነው ወይም ከሥሩ ቆሻሻ ገብቷል።

በፋኑና በራዲያተሩ መካከል 25 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ሞተሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሞተር ጎማዎቹ ከደከሙ ክፍተቱ አይበቃም። ቺንጊያው ደግሞ በረጅሙ ክፍሉ መካከል በአውራ ጣት ሲጫን ከ10 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይግባ። ከዚህ በላይ የተወጠረ ቺንጊያ የፖምፓውንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይጨርሳል፤ የላላ ደግሞ ይንሸራተትና ፋኑን ያዘገየዋል።

ፋኑን የግድ ማውጣት የመረጠም ሰው አንድ ነገር ይያዝ። ፋኑ ሲወጣ የእሱ ውፍረት ስለሚጎድል የነበሩት ቡሎኖች ይረዝማሉ፤ እንዳሉ ከተጠበቁ ጫፋቸው የፖምፓውን አካል ይገጫል ወይም ፑሊውን ሳይዙ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። በጎደለው ውፍረት ልክ ያጠሩ ቡሎኖች ወይም ሮንዴላ ያስፈልጋሉ።

«አየሩ በተቃራኒ ከነፈሰ ክንፉን ገልብጡት»

ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነጥብ ነው። ክንፍ መገልበጥ የአየሩን አቅጣጫ አይቀይርም። ዳዶን ገልብጣችሁ ቡሎን ላይ ብታስገቡት ጥርሱ ያው የቀኝ ጥርስ ሆኖ እንደሚቀጥል ሁሉ፣ የፋን ክንፍም ተገልብጦ ሲገባ የዘመመበት አቅጣጫ አይለወጥም። የሚለወጠው ጎድጓዳው ገጽ ነው፤ አየር መግፋት የነበረበት ጎድጓዳ ገጽ ወደ ራዲያተሩ ዞሮ፣ የጎበጠው ገጽ እንዲገፋ ይደረጋል። ውጤቱ አየሩ በትክክለኛው አቅጣጫ እየሄደ፣ ግን በጣም ደክሞ መሄዱ ነው።

ይህ ስሕተት አደገኛ የሚሆነው ስለማይታይ ነው። በተለመደው ፊት ለፊት በተቀመጠ ሞተር ላይ ፋኑ ተገልብጦ ቢገጠም መኪናው ይሄዳል፣ ፋኑ ይዞራል፣ እጅ ሲዘረጋ ንፋስ ይሰማል፤ መንገድ ሲጨናነቅ ብቻ ይሞቃል። ባለቤቱም ራዲያተር ይቀይራል፣ ቴርሞስታት ይቀይራል፣ ውሃ ፖምፓ ይቀይራል። መለያው ቀላል ነው። ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር ወደ ሞተሩ የሚስብ ከሆነ የክንፉ ጎድጓዳ ገጽ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት። ሲዞር አየሩን ቀድሞ የሚቆርጠው የክንፍ ጠርዝም ለራዲያተሩ የቀረበው ጠርዝ መሆን አለበት። ቀድሞ የሚቆርጠው ጠርዝ ወደ ሞተሩ የቀረበው ከሆነ ደግሞ ፋኑ የሌላ መኪና ነው፤ ለተቃራኒ ዙር የተሠራ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢገላበጥ አየሩን ወደ ፊት ይተፋል፤ መኪናው ሲሄድ ከፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋርም ይጋጫል።

በኤሌክትሪክ ፋን ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ተራው ባለ ካርቦን ሞተር ሁለቱ ሽቦዎቹ ሲቀያየሩ በተቃራኒው ይዞራል፣ አየሩም አቅጣጫ ይለውጣል፤ ግን ክንፉ በጀርባው ስለሚሠራ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሳቢ ወደ ገፊ በትክክል ለመለወጥ ሽቦውም ይቀያየራል፣ ክንፉም ይገለበጣል፤ ሁለቱም አንድ ላይ። ይህም ክንፉ ለመገልበጥ የሚፈቅድ ከሆነ ነው። በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ያለው ካርቦን አልባ ሞተር ከሆነ ሽቦውን መቀያየር ያቃጥለዋል፤ አትሞክሩት።

የመጨረሻው ማረጋገጫ አንድ ወረቀት ነው። ፋኑ እየሠራ ከመኪናው ፊት በኩል ወረቀቱን ወደ ራዲያተሩ አስጠጉ፤ መሳብና ተለጥፎ መቅረት አለበት። በአራቱም ማዕዘን ሞክሩት፤ አንዱ ጥግ ካልያዘ እዚያ አየር አያልፍም ማለት ነው። አውስቲን ሚኒን የመሳሰሉ ራዲያተራቸው በጎን የተቀመጠ መኪኖች ግን አየሩን ከሞተሩ ክፍል በራዲያተሩ አሳልፈው ወደ ጎማው ጉድጓድ ስለሚገፉ ይህን ምልክት እንዳለ አትውሰዱት፤ በነሱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

«ትልቁን ፋን በፕላስቲክ ማሰሪያ ራዲያተሩ ላይ እሰሩት»

በሽንሽኖቹ መካከል አልፎ የሚታሰረው የፕላስቲክ ማሰሪያ ለመግጠም ይመቻል፣ ራዲያተሩን ግን ይጨርሳል። የፋኑ ክብደትና ንዝረት ሁሉ በነዚያ ስስ ሽንሽኖች ላይ ያርፋል፤ ማሰሪያው በጊዜ ብዛት የናሱን ቱቦ ይፈገፍጋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። አንዱ ማሰሪያ ሲበጠስ ፋኑ ያዘነብልና ክንፉ ራዲያተሩን ይበላል። ፋኑ መያዝ ያለበት በጠፍጣፋ ብረት ወይም በአሉሚኒየም ነው፤ ብረቱም የሚታሰረው በራዲያተሩ የጎን ፍሬም ላይ እንጂ በሽንሽኑ ላይ አይደለም።

ስለ ትልቅነቱ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ራዲያተር ስፋቱ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፋን የሚሸፍነው 707 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ 35 ማለት ነው። ያለ ከለላ ከተገጠመ አየር የሚስበው በዚያ ክብ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ራዲያተር መኪናው ሲቆም ሥራ ፈት ነው። ሙሉውን የሚሸፍን የቆርቆሮ ከለላ ከተሠራለትና ከለላው ከራዲያተሩ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ከራቀ ያው ፋን ከሁሉም ጥግ ይስባል። ስለዚህ ከለላ ያለው መካከለኛ ፋን ከለላ ከሌለው ትልቅ ፋን ይሻላል። የብረቱም ፋን ቢሆን ክንፉ በውፍረቱ ግማሽ ያህል ከለላው ውስጥ ገብቶ፣ ግማሹ ወጥቶ ሲዞር ነው ጥሩ የሚስበው፤ ለቀለም ወይም ለማጽዳት ተብሎ የወለቀ ከለላ መልሶ ሳይገባ መቅረቱ የተለመደ የሙቀት ምክንያት ነው።

ቦታ ካለ ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ ይሳብ። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ዓይነት በጉዞ ላይ ሞተሩና ክንፉ የሚገባውን ንፋስ ይከልላሉ። ሆኖም የራሱን የብረት ፋን ይዞ ትንሽ ገፊ ፋን ለመጨናነቅ ጊዜ ብቻ መጨመር ለብዙ የድሮ መኪና ጥሩ መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ ጽሑፉ ይህን አማራጭ ጨርሶ አላነሣውም።

«ከቁልፉ መስመር ላይ ቀጥሉት፤ ሪሌ አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ ፋን 10 አምፔር ገደማ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ደግሞ 20ና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሲነሣ ለአፍታ ከዚህ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይስባል። የድሮ መኪና ቁልፍ ይህን ለመሸከም አልተሠራም፤ ውስጡ ያለው መገናኛ ይቃጠላል፣ ከቁልፉ በኋላ ያለው አሮጌ ሽቦም ይሞቃል።

ግን ከሪሌውም በፊት መጠየቅ ያለበት ዲናሞው ይችላል ወይ የሚለው ነው። በብዙ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ያለው ሉካስ ሲ 40 ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል፤ ሚኒሞ ላይ ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ፋኑ የሚፈለገው ደግሞ መኪናው ቆሞ ሚኒሞ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ማታ መብራት በርቶ መንገድ ተዘጋ እንበል፦ ቦቢናው (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው) ከ3 እስከ 4፣ የፊትና የኋላ መብራቶቹ 10 ያህል፣ ፋኑ 10። 24 አምፔር ገደማ ከባትሪው ብቻ ይወጣል። 45 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያልቃል። ባለ 20 አምፔር ፋን ከሆነማ አይነሣ። በዲናሞ ላይ ያለ መኪና ከ10 አምፔር በላይ የሚወስድ ፋን አይገጠምለት፤ የግድ ከሆነ አስቀድሞ ወደ አልተርኔተር ይቀየር። ሉካስ 16 ኤሲአር አልተርኔተር 34 አምፔር ይሰጣል፣ ሚኒሞ ላይም ከዲናሞ በእጅጉ ይሻላል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር፣ ከ87 ቁጥር ወደ ፋኑ፣ ከፋኑ ወደ ማሳ (ወደ መኪናው አካል)። ፊውዙ ለባትሪው በተቻለ መጠን ይቅረብ። 86 ቁጥር ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር ይመጣል፤ 85 ቁጥር በሙቀት ስዊቹ በኩል ወደ ማሳ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ቁልፉና ስዊቹ የሚሸከሙት የሪሌውን ትንሽ ጅረት ብቻ ነው። ፊውዙ ፋኑ በመደበኛ ሥራ ከሚወስደው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለ10 አምፔር ፋን 15 ማለት ነው። በእንግሊዝ መኪኖች የድሮ የመስታወት ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 ፊውዙ የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ በቋሚነት የሚሸከመው 17 ብቻ ነው። በእሱ ቦታ የዘመኑን 35 አምፔር ፊውዝ የሚያስገባ ሰው ሽቦውን ፊውዝ አድርጎታል።

የሽቦውም ውፍረት ቀልድ አይደለም። 15 አምፔር በሚወስድ ፋን ላይ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 4 ሜትር በሆነ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ውስጥ 1.1 ቮልት ይጠፋል፤ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.44፣ በ4 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.28። ሚኒሞ ላይ ባትሪው ራሱ 12 ቮልት ገደማ ሲሆን ከዚያ ላይ 1.1 ሲቀነስ ፋኑ ዙሩ ይወርዳል፤ አየሩም አብሮ ይቀንሳል። እስከ 15 አምፔር 2.5፣ ከዚያ በላይ 4 ተጠቀሙ። ማሳውም ቀለሙ በተፋቀ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

ከቁልፉ መስመር በቀጥታ መቀጠል ሌላም ጣጣ አለው፤ ጽሑፉ አላነሣውም። ቁልፉ ሲዘጋ በጉልበቱ እየዞረ ያለ ፋን እንደ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ከቦቢናው ጋር በአንድ መስመር ላይ ካለ ያ ኤሌክትሪክ ቦቢናውን ይመግብና ሞተሩ ቁልፍ ተነቅሎም ለጥቂት ሰከንድ አልጠፋ ይላል። ሪሌ ሲኖር መስመሩ ስለሚቋረጥ ይህ አይደርስም።

ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያድርግ። ኤምጂቢ ለምሳሌ እስከ 1967 እንዲህ ነበር። በእንዲህ ያለው መኪና ላይ መስመሩ ከባትሪው ኔጌቲቭ ተስቦ የቀረው ከላይ እንደተዘረዘረው ያለ ማሰብ ከተገጠመ ፋኑ በተቃራኒው ይዞራል፤ ሪሌው ውስጡ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ካለው ደግሞ ዳዮዱ ወዲያው ይቃጠላል። ዳዮድ የሌለው ሪሌ ይመረጥ፣ የፋኑ ሁለት ሽቦዎች ይቀያየሩ፣ በወረቀት ይፈተሽ። 6 ቮልት የሆነ መኪና ላይ 12 ቮልት ፋን መግጠም ግን ትርጉም የለውም።

«95 ዲግሪ ላይ የሚያስነሳ ስዊች ለሁሉም ይሆናል»

አይሆንም፤ የዚህ ስሕተት ዋጋ ሞተር ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በግፊት ይወሰናል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ጥንታዊ መኪኖች ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን አላቸው። በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ 95 ዲግሪ የሚጠብቅ ስዊች ከተገጠመ ውሃው ፈልቶ ይወጣል እንጂ ፋኑ አይነሣም። 7 የሚል ክዳን ያለው መኪና፣ ማለትም ግማሽ ባር ገደማ የሚይዝ፣ በዚያው ከፍታ እስከ 105 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ በባሕር ጠለል ላይ ደግሞ እስከ 111። ይህም የክዳኑ ጎማና ስፕሪንግ ደህና ከሆኑ ነው።

ስዊቹ የተቀመጠበት ቦታም ሒሳቡን ይለውጣል። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ በሚሄደው የላይኛው ጎማ ላይ ያለ ስዊች የሞተሩን ሙቀት ያያል፤ በራዲያተሩ መውጫ ላይ ያለው የቀዘቀዘውን ውሃ ስለሚያይ ዝቅ ያለ ስዊች ይፈልጋል። ቴርሞስታቱ በ82 መክፈት የሚጀምር ከሆነ ከላይ በኩል 80 ላይ የሚያስነሳ ስዊች ፋኑን ሁልጊዜ ያሠራዋል፤ 92 ላይ አስነሥቶ 87 ላይ የሚያጠፋው ግን ግፊት ለሚይዝ ክዳን ይስማማል። ግፊት ለሌለው መኪና ስዊቹ ከመፍያው ነጥብ ቢያንስ በ7 ወይም 8 ዲግሪ ዝቅ ይበል፤ ቴርሞስታቱም ከዚያ በታች የሚከፍት ይመረጥ።

ጽሑፉ ቀጭን የመዳብ ቧንቧ ያለውን ስዊች በጎማውና በብረቱ አፍ መካከል አሾልኮ በፋሸታ ማጥበቅን ይመክራል። ያ ቦታ ያንጠባጥባል፤ ቧንቧው ከተጨፈለቀም ስዊቹ ይሞታል። የሚሻለው የላይኛውን ጎማ ቆርጦ መካከሉ ላይ ስዊቹ የሚጠበቅበት የአሉሚኒየም ማገናኛ ማስገባት ነው። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ፦ ማገናኛው በሁለቱም በኩል በጎማ ስለተያዘ ማሳ የለውም። ባለ አንድ እግር ስዊች ከሆነ ከማገናኛው ወደ አካሉ የማሳ ሽቦ ካልተሳበ ፋኑ ፈጽሞ አይነሣም።

ስዊቹን ሳይገጠም መፈተሽ ይቻላል፦ በድስት ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ተንጠልጥሎ፣ በመልቲሜትር እየታየ፣ ውሃው ቀስ እያለ ይሙቅ፤ የሚገናኝበትና የሚለያይበት ዲግሪ ይመዝገብ። በከፍታ ቦታ 95 የሚለውን ስዊች በዚህ መንገድ መፈተሽ አይቻልም፤ ድስቱ ከዚያ በፊት ይፈላል።

«ግማሽ ቀን ይበቃል»

ማሰሩ ይበቃው ይሆናል፤ መሞከሩ ግን የሥራው ክፍል ነው። ራዲያተሩ ሞልቶ አየሩ ከወጣ በኋላ መኪናው ቆሞ ሚኒሞ ላይ እስኪሞቅ ይጠበቅ። የኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ መነሣት፣ ቀስቱን ማውረድ፣ መጥፋት፣ እንደገና መነሣት አለበት፤ ሦስት አራት ጊዜ ይህን ሲያደርግ ታዩና መብራቱን አብርታችሁ ቮልቱን ባትሪው ላይና ፋኑ ላይ ለኩ። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት የበለጠ ልዩነት ካለ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ መገናኛ ላልቷል፤ የፊውዝ ቤቱንና የሪሌውን እግሮች በጣት ንኩ፣ የሚፋጀው እሱ ነው። ፋኑ ተነሥቶ ጨርሶ የማይጠፋ ከሆነ በወረቀቱ ሙከራና በከለላው ጀምሩ እንጂ ወደ ዝቅተኛ ዲግሪ ስዊች አትሂዱ። በብረት ፋን ላይ ደግሞ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አራቱ ቡሎኖችና ቺንጊያው እንደገና ይፈተሹ፤ አዲስ ቺንጊያ በዚህ ርቀት ውስጥ ስለሚለጠጥ ዲናሞውን ትንሽ ገፋ አድርጎ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።